የጅዳዋ ልጅ ድምፅ የት ይቆጠራል?

የአክስቴ ልጅ ጅዳ ነው የምትሠራው። ከቢቸና ወጥታ በኮንትራት ከሄደች ዓመታት ሆኗታል። ሰው ቤት ናት። ቀን ልጅ ትይዛለች፣ ታበስላለች፣ ልብስ ትተኩሳለች። ማታ ማዳሟ ስትተኛ ኢሞ ላይ ትገባና ከእናቷ ጋር ታወራለች። ስለ ጤፉ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ላሟ መውለድ ሳይቀር ትጠይቃለች። አንዳንዴ እኔም ጋ ትደውላለች።

በ2014 ዓ.ም ሚያዝያ ላይ ደውላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጎረቤት ቤት የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛ አለቻት። ያቺ ልጅ የዕረፍት ቀኗን ጠብቃ፣ ቆንስላቸው ሄዳ፣ ለአገሯ ፕሬዚዳንት ድምፅ ሰጥታ መጣች። የእኔዋ ገረማት። «እኔስ? እኛ ቆንስላ ብሄድ ምን ይሉኛል?»

እኔም እንደ አዋቂ «ጠይቄ እነግርሻለሁ» አልኳት። መጠየቁ ረዘመ።

አጭሩ መልስ ምንም አይሏትም ነው። ሳጥን የለማ። የኢትዮጵያ ምርጫ የሚካሄደው አገር ውስጥ ብቻ ነው። ረጅሙ መልስ ግን ደስ ይላል፤ ብዙ ነገር ያስተምራል። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዜጋ ናት፣ ትምረጥ፣ አለቀ። ቀርበው ሲያዩት ግን እንደ አባይ በረሃ መንገድ ነው። ደጀን ላይ ሲቆሙ ጎሃ ጽዮን ማዶ ፊት ለፊት ይታያል። ጉዱ ያለው መውረዱና መውጣቱ ላይ ነው።

ከሕጉ እንጀምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ዜጋ ዕድሜው 18 ዓመት ሲሞላ የመምረጥ መብት እንዳለው ይናገራል። አገር ውስጥ ያለ፣ ውጭ ያለ ብሎ አይለይም። ግን አንዲት ሐረግ አለችበት፦ «በሕግ መሠረት»። ዝርዝሩን ሌላ ሕግ ይወስነው ማለት ነው። ያ ሌላ ሕግ ደግሞ የምርጫ አዋጁ ነው፤ ቁጥሩ 1162/2011። አዋጁ ለመራጭነት ለመመዝገብ ከዜግነትና ከዕድሜ በተጨማሪ አንድ ነገር ይጠይቃል። በምርጫ ክልሉ ውስጥ ቢያንስ ስድስት ወር የኖርክ መሆን አለብህ ይላል።

ይህቺ ስድስት ወር እኔንም አግኝታኛለች። በ2013 ዓ.ም ምዝገባው ሲጀመር ለሥራ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ከሄድኩ አራት ወር አልሞላኝም ነበር። ልመዝገብ ብዬ አቅራቢያዬ ወዳለው ጣቢያ ሄድኩ። መዝጋቢዋ ወረቀቴን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ እዚህ ስድስት ወር አልሞላዎትም» አለችኝ። በትሕትና ነው ያለችኝ፣ አልዋሽም። ማርቆስ ሄጄ እንዳልመዘገብ ሥራው አላፈናፈነኝም። በዚያው ቀረሁ። እንግዲህ እኔ ከጎጃም ጎጃም ነው የሄድኩት። ቀይ ባሕርን የተሻገረችውን ልጅ አስቧት።

በነገራችን ላይ ተመላሽ ሆና አገሯ ብትገባም ያው ነው። ምዝገባ ሊጀመር ሁለት ወር ሲቀረው ቦሌ ብታርፍ ገና እንግዳ ናት። ሕንድ ከዚህ ትንሽ ትሻላለች። ከ2010 ወዲህ (ከዚህ በኋላ የውጭዎቹን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ውጭ የሚኖር ሕንዳዊ ስሙን በትውልድ መንደሩ መዝገብ ላይ ማስገባት ይችላል። ድምፁን ለመስጠት ግን ራሱ በአካል አገሩ መሄድ አለበት። የአውሮፕላን ትኬት የመራጭነት ካርድ ሆነ ማለት ነው።

አክስቴ ይህን ስነግራት ብዙም አልደነቃት። «እድሩም እኮ እንደዚያው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የልጅቷ ስም በእድሩ መዝገብ ላይ አለ። መዋጮዋን በየወሩ እናቷ ትከፍልላታለች። ቤት ውስጥ ሐዘን ቢደርስ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። የእድሩ ዳኛ ሲመረጥ ግን እጅ የሚያወጣው የተገኘ ነው። ስብሰባው ላይ የሌለ ሰው እጅ አያወጣም። ይህን ማንም በደል ነው ብሎ አያውቅም። ከዱሮም ስደተኛን የምናየው እንዲህ ነው፤ «ካገሩ የወጣ ካገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ»። ከወጣ መጫንና መለጎም እንጂ መጠየቅ የለም።

ዓለም ግን ከዚህ አስተሳሰብ ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ስቶክሆልም ያለው ዓለም አቀፍ የዲሞክራሲና የምርጫ ድጋፍ ተቋም በ2007 ሲቆጥር፣ ውጭ ያሉ ዜጎቻቸው ካሉበት ሆነው እንዲመርጡ የሚፈቅዱ አገሮችና ግዛቶች 115 ደርሰው ነበር። ፊሊፒንስ ሕጉን ያወጣችው በ2003 ነው። በዓመቱ ምርጫ ተካሄደበት። መጀመሪያ ላይ፣ በሌላ አገር ቋሚ ነዋሪነት ያገኘ ፊሊፒናዊ መምረጥ ከፈለገ በሦስት ዓመት ውስጥ አገሬ እመለሳለሁ ብሎ በመሐላ እንዲፈርም ይደረግ ነበር። በ2013 ይህ ቀረ። የጅዳዋ ጓደኛ በመረጠችበት በ2022 ደግሞ የውጭዎቹ ድምፅ መስጫ ለአንድ ወር ያህል ክፍት ነበር። በአንድ ቀን የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ያቺ ልጅም ባልመረጠች። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ውጭ ያለው ማነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ዲያስፖራው ይምረጥ ወይስ አይምረጥ» የሚል ክርክር ሲነሳ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለው ሰው ነው። ሰልፍ የሚወጣው፣ በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚሟገተው፣ በምርጫ 97 ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ያደረው። እሱ ዜግነት ቀይሮ ከሆነ ግን ጥያቄው እሱን አይመለከተውም።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የዜግነት አዋጅ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ለእሱ የተበጀለት ቢጫ ካርድ ነው። የ1994ቱ አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ብዙ በር ከፍቷል። ያለ ቪዛ ይገባሉ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራሉ። መምረጥና መመረጥ ግን አይችሉም፤ አዋጁ ራሱ ለይቶ ከልክሏል። ይህን ለመለወጥ መነሳት ያለበት የዜግነት ጥያቄ ነው። ያ ሌላ ዳገት ነው።

ታዲያ ውጭ ሆኖ ዛሬም ኢትዮጵያዊ ዜጋ የሆነው ማነው? ዲቪ ደርሶት ግሪን ካርድ ይዞ፣ ዜግነት ያልወሰደው ሰው አለ። ቻይና ወይም አውሮፓ የሚማር ተማሪ አለ። ከሁሉም በላይ ግን ዓረብ አገር ያለችው ልጅ አለች። ሳዑዲ ሃምሳ ዓመት ብትኖር ማንም ዜግነት አይሰጣትም። ፓስፖርቷ ማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን ነው። በጅቡቲና በየመን አድርጎ በባሕር የሄደው የጎጃም ልጅም እንደዚያው። ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም፤ ወረቀት የለውም። ዜግነት ግን አለው።

ስለዚህ በሕግ ዓይን ነገሩ የተገለበጠ ነው። ድምፃቸው የሚሰማው ሰዎች ድምፅ የመስጠት መብት የላቸውም። መብቱ ያላቸው ደግሞ ድምፃቸው ከኩሽና አያልፍም። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ከዚህ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። ሕጉ ነገ ቢሻሻል ተጠቃሚዋ የአክስቴ ልጅ ናት። ሳጥኑ የት ይቀመጥ፣ ስንት ቀን ይቆይ፣ በምን ይመረጥ የሚለው ሁሉ የእሷን ኑሮ አይቶ መለካት አለበት።

አምስት መቶ አርባ ሰባት ዓይነት ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንግባ። ብዙ ሰው «ኤምባሲ ሳጥን ማስቀመጥ ምን ያቅታል?» ይላል። ሳጥኑ አያቅትም። የሚያቅተው ወረቀቱ ነው።

ኬንያን እንይ። በ2010 ያጸደቁት ሕገ መንግሥት ውጭ ያሉ ዜጎች ደረጃ በደረጃ የመምረጥ መብታቸውን እንዲጠቀሙ ያዛል። በ2013 በጎረቤት አገሮች ተጀመረ፤ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ። በ2022 አሥራ ሁለት አገር ደረሰ። ግን ውጭ ያለው ኬንያዊ የሚመርጠው ፕሬዚዳንት ብቻ ነው። የፓርላማ አባል አይመርጥም፣ የካውንቲ ገዥ አይመርጥም። ለምን? ለፕሬዚዳንት አንድ ወረቀት ይበቃላ! ከሞምባሳ የመጣውም ከኪሱሙ የመጣውም በዚያው ወረቀት ላይ ምልክቱን ያደርጋል። ቆጠራውም ያለቀለት ነው።

የእኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚመርጠው የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱንም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ነው የሚሰይሙት። ከሞያሌ እስከ መተማ ሁሉም ሰው በአንድ ወረቀት ላይ ስሙን የሚያየው ዕጩ የለም። አገሩ በ547 የምርጫ ክልሎች ተከፍሏል። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። የቢቸና መራጭ የሚመርጠው ለቢቸና የቀረቡትን ዕጩዎች ነው። በዚያ ላይ ሁለተኛ ወረቀት አለ፤ የክልል ምክር ቤቱ።

ጅዳ ቆንስላ ሳጥን ተቀመጠ እንበል። የሚመጣው የቢቸና ልጅ ብቻ አይደለም። የወልዲያም፣ የጅማም፣ የአዲግራትም፣ የሻሸመኔም ይመጣል። ለእያንዳንዱ የየምርጫ ክልሉ ወረቀት ያስፈልገዋል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ 547 ዓይነት ወረቀት፣ የክልሉ ሲጨመርበት ከዚያ በላይ። እሱ ሁሉ ተደርጎ ሌላ ጣጣ ይመጣል። በእኛ አሠራር ድምፅ እዚያው ጣቢያው ይቆጠርና ውጤቱ በሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ መተማመን ያመጣል። ግን ከቢቸና ምርጫ ክልል ጅዳ ላይ የመረጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ቢሆኑስ? በሩ ላይ «ቢቸና፦ ለእገሌ 2» ተብሎ ሲለጠፍ የሁለቱ ልጆች ምስጢር አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ ድምፅ በምስጢር ነው የሚሰጠው ይላል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይከፈት ወደ አገር ቤት መጥቶ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ መቆጠር ይኖርበታል። በሻንጣ ተጭኖ፣ ታሽጎ፣ ታዛቢ አጅቦት።

ሌላ መንገድ የመረጡ አገሮች አሉ። ውጭ ያለውን ሰው ከመንደሩ ጋር ማገናኘቱን ትተው የራሱን ወንበር ሰጡት። ፈረንሳይ ከ2012 ጀምሮ ውጭ ላሉ ዜጎቿ 11 የምክር ቤት ወንበር አላት። ዓለምን በ11 ምርጫ ክልል ከፋፍላ ማለት ነው። ቱኒዚያ ከአብዮቱ በኋላ በ2011 ከ217 ወንበር 18ቱን ለውጭዎቹ ሰጠች። ሴኔጋል ደግሞ ከ165 ወንበር 15ቱን። የሴኔጋሉ ለእኛ ይቀርባል። ልጆቻቸው ጣሊያንና ስፔን ሠርተው መንደር የሚያቆሙ፣ እናቶች በልጆቻቸው ገንዘብ ቆርቆሮ የሚያለብሱበት አገር ነው። ሴኔጋላዊ ቢቸና ቢወሰድ አይገርመውም።

እኛ ዘንድ ይሄ ይሆናል? ሕገ መንግሥቱ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ ወስኗል። አሁን ያሉት 547 ናቸው። የቀሩት ሦስት ናቸው። ሦስት! አንድ ለመካከለኛው ምሥራቅ፣ አንድ ለአፍሪካ፣ አንድ ለቀረው ዓለም ብንል እንኳ ሕገ መንግሥቱን ሳንነካ የምንሄደው እስከዚያ ነው። በዚያ ላይ የሳዑዲዋ የቤት ሠራተኛና የቤይሩቷ የሚወከሉት በአንድ ሰው ይሆናል። እሱም ቢሆን ከዜሮ ይሻላል የሚል ሰው ካለ አልጣላውም።

በምን ይመረጥ?

በአካል ኤምባሲ ሄዶ መምረጥ በጣም የተለመደው ነው። ለእምነትም ይሻላል፤ ሰው ወረቀቱን በእጁ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። ችግሩ ርቀቱ ነው። ሳዑዲ ትልቅ አገር ናት። ኤምባሲው ሪያድ ነው፣ ቆንስላው ጅዳ። ጂዛን ወይም ታቡክ ያለ ልጅ ምን ያድርግ? ኢቃማ የሌለው ከሆነ ደግሞ መንገድ ላይ ፍተሻ አለ። ድምፅ ልስጥ ብሎ ወጥቶ እስር ቤት ሊያድር ይችላል። ቱርኮች አንድ ብልሃት ነበራቸው። ኤምባሲ ውስጥ መምረጥ የጀመሩት በ2014 ነው። ከዚያ በፊት ግን ከ1987 ጀምሮ ውጭ ያለው ቱርክ ሲገባና ሲወጣ በድንበር ኬላና በአየር ማረፊያ ይመርጥ ነበር። ቦሌ ላይ ሻንጣ ለመጠበቅ ከሚባክነው ሰዓት አንፃር አሳቡ መጥፎ አይደለም።

በፖስታ መምረጥ ለእኛ ሰው ብዙ አይሆንም። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ የፖስታ ሳጥን የላትም። ሜክሲኮ በ2006 ፖስታን ሞክራ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሜክሲኳውያን እያሉ የደረሰው ድምፅ 33 ሺህ አካባቢ ነው።

ውክልና አለ። ይሄ ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። ውጭ ያለ ሰው በቆንስላ በኩል ውክልና ልኮ ቤት ያሸጣል፣ ባንክ ያንቀሳቅሳል። እንግሊዝና ፈረንሳይም በውክልና መምረጥን ይፈቅዳሉ። አክስቴን «አንቺ ብትመርጪላትስ?» ብላት ሳቀች። «እኔ የምመርጠውን ነዋ የምመርጥላት» አለች። ግልጽ ናት፣ እግዜር ይስጣት። ቤት ቢሸጥ ገንዘቡ ይታያል፤ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ግን አይታይም። ልጅቷ ለማን እንደተመረጠላት በምን ታውቃለች?

ኢንተርኔቱስ? ኢስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ በኢንተርኔት ትመርጣለች። ፊሊፒንስም በ2025 ለውጭ ዜጎቿ ጀምራለች። ፈረንሳይ ግን ብዙ ተንገላታለች። በ2017 ጥቃት ይደርስብናል ብላ ለምክር ቤት ምርጫ አስቀረችው። በ2022 መለሰችው። ያኔ በላቲን አሜሪካው ምርጫ ክልል አርጀንቲና ያሉ መራጮች ኮዱ በስልካቸው ሳይደርሳቸው ቀረ። ውጤቱ ተሰርዞ ምርጫው በ2023 ተደገመ። ሀብታም አገር እንዲህ ከሆነ እኛ ቀስ ማለት አለብን። ደግሞ እኛ ጎጃም ውስጥ ሆነን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ አጥተን ኖረናል። ያኔ የአክስቴ ልጅ ኢሞውን ትታ በቀጥታ ስልክ ስትደውል ካርዷ በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ኢንተርኔት የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር መሆኑን የሚያውቅ ሰው ድምፁን እዚያ ላይ ለማስቀመጥ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

አስተናጋጁ አገርም የራሱ ቃል አለው። ሌላ አገር መሬት ላይ ምርጫ ማካሄድ ፈቃድ ይጠይቃል። ካናዳ በ2011 ግዛቷ የሌላ አገር የምርጫ ክልል አካል ተደርጎ መቆጠሩን አልቀበልም ብላ ነበር፤ ፈረንሳይና ቱኒዚያ ያንን ወንበር ባበጁበት ጊዜ ማለት ነው። ካናዳ እንዲህ ካለች፣ ራሱ ምርጫ የማያዘወትር አገር ሌሎች ግቢው ውስጥ ሲሰለፉ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም። ሆኖም ፊሊፒናውያን እዚያው ጅዳ ይመርጣሉ። በር ከተንኳኳ ይከፈታል ማለት ነው።

የሚፈሩትም ይፈራሉ። በዚህ በኩል የሞልዶቫን ያህል የሚያስረዳ የለም። በ2024 ሞልዶቫ የአውሮፓ ኅብረትን ጉዳይ ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበች። አገር ውስጥ ባለው ድምፅ ተቃዋሚው ይመራ ነበር። የውጭው ሲደመር ደጋፊው በ10 ሺህ ገደማ ድምፅ አሸነፈ፤ 50.35 በመቶ። በኋላ በፕሬዚዳንቱ ሁለተኛ ዙርም አገር ውስጥ ያለው ሰው በጥቂቱ ለተፎካካሪዋ ሲያደላ፣ የውጭው ሰው ፕሬዚዳንቷን ማያ ሳንዱን አሳለፋት። በዚያው ምርጫ ጣሊያን ውስጥ በርካታ ጣቢያ ሲከፈት፣ ብዙ ሞልዶቫውያን ባሉባት ሩሲያ የተከፈተው ሁለት ብቻ ነበር። ጣቢያ የት ይከፈት የሚለው ውሳኔ ራሱ ግማሽ ምርጫ ነው። ጣሊያንም በ2006 የውጭ ወንበሮቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀም የሮማኖ ፕሮዲ ጥምረት በሴኔቱ ለጥቂት ያሸነፈው በእነዚያ ነው።

ስለዚህ «ነገ ዋጋው ሲወደድ የማይበላው፣ መንገዱ ሲዘጋ የማይቆም ሰው ለምን ይወስንልኛል?» የሚል ሰው ጥያቄው ባዶ አይደለም። ለዋሽንግተኑ ሰው ይሠራል ብዬ አስባለሁ። ለአክስቴ ልጅ ግን አይሠራም። ቤተሰቦቿ በኩንታል ጤፍ ስንት እንደሚከፍሉ ከእኔ በተሻለ የምታውቀው እሷ ናት፤ የምትከፍለው እሷ ነቻ። ኮንትራቷ ሲያልቅ የምትመለሰውም እዚያው ቢቸና ነው። ከየትኛው አገር ጋር ስምምነት ይፈረም፣ ደመወዟ ከስንት አይነስ፣ ስትበደል ማን ይድረስላት የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ያ ያልመረጠችው ምክር ቤት ነው።

ከርቀት መምረጥ በሕጋችን ጨርሶ እንግዳ ነው የሚል ሰው ካለ ይሳሳታል። አዋጁ ለወታደሮች፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና ለተፈናቃዮች ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል። ከዚያ የሚበልጠው የሐረሪ ጉዳይ ነው። በ2013 ዓ.ም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ የሐረሪ ተወላጆች ለብሔራዊ ጉባኤያቸው ካሉበት ሆነው ይምረጡ ወይስ አይምረጡ የሚል ክርክር ተነሳ። ምርጫ ቦርድ አልተቀበለውም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመርጣሉ ብሎ ወሰነ። ነዋሪነት የማይበጠስ ገመድ እንዳልሆነ አገራችን ውስጥ አንድ ጊዜ ተፈርዷል ማለት ነው። ደቡብ አፍሪካም የተከፈተው በፍርድ ቤት ነው። እንግሊዝ አገር የሚያስተምር አንድ መምህር ከሶ በ2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ፈረደለት።

እኔ እንደማነበው ሕገ መንግሥታችን አይከለክልም። ስድስት ወር የምትለዋ ነገር ያለችው አዋጁ ላይ ነው፤ አዋጅ ደግሞ ምክር ቤቱ በተራ ድምፅ ብልጫ ያሻሽለዋል። ግን ሕግ ብቻውን ሩቅ አይሄድም። ጋና በ2006 ሕጉን አውጥታ ዓመት ሲመጣ ዓመት ሲሄድ ሳትተገብረው ቆይታለች። ኬንያም በ2022 ውጭ ሆነው የተመዘገቡላት 10 ሺህ ትንሽ አለፍ ያሉ ሰዎች ናቸው። የጣቢያ ርቀት ነው፣ የወረቀት ጣጣ ነው፣ ኤምባሲውን አለማመን ነው። ኤምባሲ የሚተዳደረው በመንግሥት ነው፤ ያ መንግሥት ደግሞ ራሱ ተወዳዳሪ ነው። ሳጥኑ አጠገብ የሁሉም ፓርቲ ታዛቢ ካልቆመ የጅዳዋ ልጅ ታክሲ ተሳፍራ አትመጣም።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ በቀደም ማታ ደወልኩላት። 547ቱን ወረቀት፣ ሦስቱን ወንበር፣ የእናቷን ውክልና ሁሉ ነገርኳት። እናቷ ያለችውን ስትሰማ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለችና፣ «ቢፈቀድ ግን ቀኑ መቼ ነው የሚሆነው?» አለችኝ።

«የ2013ቱ ሰኞ ነበር» አልኳት።

«ሰኞ? እኔ የምወጣው ዓርብ ነው። እሱም በአሥራ አምስት ቀን አንዴ።»

ፊሊፒናውያን አንድ ወር የከፈቱት ለዚህ ነው ብዬ ልጀምር ስል ከወዲያ ማዳሟ ተጣራች። ስልኩ ተዘጋ።